ይሉኝታ የያዘው ውሃ

ይህን የምነግራችሁን ነገር በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። ጠብታ ውሸት ከተገኘበት ሊፍት ውስጥ ተዘግቶብኝ ልቅር፤ ያውም ፈተና ላይ ያለ ሊፍት ውስጥ። ሰፈሩ «ጫንያለው ሲያወራ ግማሹን ጣሉ» ይላል። ይበል። እኔም ሌላ ጊዜ ግማሹን ብትጥሉት አልቀየምም። ይሄኛውን ግን እንዳለ ያዙት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ነው። የምሠራውም እዚያው ነው። ሥራዬ መጠበቅ ነው። ዘበኛ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ዘበኛ ሌባ ነው የሚጠብቀው። እኔ የምጠብቀው ፈተና ነው። በሩም፣ ሊፍቱም፣ መብራቱም፣ ውሃውም የሚተዳደረው በአንድ ፕሮግራም ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ አንዲት ቃል ከተነካች ፕሮግራሙ ፈተናውን ሳያልፍ ወደ ሥራ አይመለስም። ፈተናው ረቡዕ ከተጀመረ የሚያልቀው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። እንግዲህ «ፈተናው እየሮጠ ነው» ነው የሚባለው፤ እኔ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሕጉ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ ስለሚል እቀመጣለሁ። ከትምህርት ጋር የተለያየነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ለመቀመጥ ግን በቂ ነው።

ሰዉ ለምዶታል። በሩ ፈተና ላይ የሆነበት ቤተሰብ ፍራሹን ተሸክሞ ጎረቤት ያድራል። የሰርግ መጥሪያ ላይ «ሊፍቱ ካለፈ» ተብሎ ይጻፋል። የቀረ ሰው «ፈተና ላይ ነበርኩ» ካለ አይወቀስም። አንድ ቀን ልጆች ኮሪደር ላይ ድብብቆሽ ሲጫወቱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆጥረው ልጅ ቆጥሮ ጨረሰና ዝም ብሎ ቆመ። «ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። «እንጃ» አለኝ፤ «ያልተደበቀ ይኖር ይሆናል።» ቢሮ የሚገባ ልጅ ነው ብዬ አለፍኩ።

ለምን ይረዝማል ብትሉ፣ ፕሮግራሙ አንድ ይምሰል እንጂ ብዙ ክር ነው። አንዱ ክር ሊፍት ይጎትታል፣ አንዱ ውሃ ይገፋል፣ አንዱ በር ይከፍታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ማንም ማንን ሳያይ። ፈተናው አንዱን ክር «ውሃ ላክ» ይለዋል። ውሃው ደርሶ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ይጠብቃል። ምን ያህል? የመጀመሪያው ጸሐፊ «ትንሽ ጠብቅ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው መጣ፣ ፈራ፣ እጥፍ አደረገው። ሦስተኛው የልጆች አባት ነበር፤ እንጀራውን ስለሚወድ ሰዓት ጨመረበት። ጨምሮ የተቀጣ የለም። ቀንሶ ያየ አንድ ሰው ነበረ፤ በማግስቱ መግቢያ ካርዱ አልሠራለትም። ከዚያ ወዲህ «ጠብቅ» የሚለው ቃል እንደ ቅርስ ነው፤ አቧራው ይራገፋል እንጂ አይነካም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

እትዬ ሶልያና አስራ አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ ጋሼ ናሆም ዘጠነኛ። ሁለቱም በእርጅና ኩላሊታቸው ደክሞ፣ ቤታቸው በተገጠመ ማሽን ደማቸውን እያሳጠቡ ነው የሚኖሩት። ያደጉት በአንድ ግቢ ነው። ጋሼ ናሆም የግቢው ባለቤት ልጅ ነበሩ። እትዬ ሶልያና ግን በጨርቅ ተጠቅልለው በራፍ ላይ የተገኙ ሕፃን ናቸው፤ ጎረቤት ወስዶ አሳደጋቸው። የተወለዱበትን ዓመት ገምተው ነገሯቸው፣ ከጋሼ ናሆም ጋር አንድ ዓመት፤ ወሩንና ቀኑን የሚያውቅ አልነበረም። መታወቂያቸው ላይ ቀኑ ባዶ ነው። «ሰው ልደት ላይ ሳጨበጭብ አረጀሁ» ይላሉ፤ ይስቃሉም። እኔ ግን ሲስቁ ዓይናቸውን አላየውም።

ሁለቱ ማሽኖች የሚጠጡት ከአንድ የተጣራ ውሃ መስመር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ማሽን ብቻ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ደግሞ ጨዋዎች ነበሩ። ማሽን ስግብግብ እንዳይሆን ብለው ይሉኝታ አስገቡበት። ማንኛውም ክር ውሃውን ከመያዙ በፊት «ሌላ የሚፈልግ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ ወደ ኋላ ይላል። በዚህ ተሸልመውበታል። ሰርተፊኬቱ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ ስገባም ስወጣም አየዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ቅጽበት ውሃ ጠየቁ። ምን እንደተባባሉ ያኔ አላወቅንም። ያወቅነው የእትዬ ሶልያና ማሽን መሃል ላይ መቆሙን ነው። ጎረቤት ሲደርስ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ማሽኖቹ ወዲያው ታሸጉ፤ ስህተቱ ተስተካክሎ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ አይከፈቱም ተባለ። ሆስፒታል ወረፋ ተጠየቀ፤ የተገኘው ሰኞ ነው። የምትከታተላቸው ሐኪም በረንዳ ላይ ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ ናሆም ሰኞ ድረስ ይቆያሉ» አለችኝ። «እትዬ ሶልያና ግን ዓርብን ማለፋቸውን እኔም አላውቅም።»

ፈተናው የተጀመረው ረቡዕ ነው። የሚያልቀውን ነግሬያችኋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ልጠይቃቸው ወጣሁ። እግራቸው አብጦ ትራስ ላይ ሰቅለውታል።

«ጫኔ፣ ፈተናው ምን ላይ ደረሰ?»

«እየጠበቀ ነው እትዬ።»

«ምን?»

«እሱን አልነገረኝም።»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው በለው፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።» ሳቁ፤ ሳሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ስማ፣ ሲከፈት መጀመሪያ ለናሆም ይስጡት። እሱ እንደ እኔ አይችልም፤ ሲያዩት ነው ጠንካራ የሚመስለው።»

ዘጠነኛ ፎቅ ወረድኩ። ጋሼ ናሆም ሱፋቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ታመው እንኳ ክራቫት አይፈቱም። ገና «ደህና ዋሉ» ሳልል፣ «ሶልያና ትቅደም» አሉኝ። «እኔ ምንም አልሆንኩም። ንገራቸው።»

እዚያው ቆሜ ሳስበው፣ ማሽኖቹ ባለቤቶቻቸውን ነው የመሰሉት።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኢንጂነር አማከለች ቀድማኝ ተቀምጣለች። የሕንጻው ፕሮግራም በእሷ እጅ ነው፤ ስሟ የአያት ቢመስልም ገና ወጣት ናት፣ ዘንድሮ የድሮ ስም ፋሽን ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጫኔ፣ አንተ ውሸታም ነህ አይደል?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ካለው አንዱ የሌላውን ሰምቶ ነው።»

«አትቀልድ። ዛሬ ውሸታም ነው የምፈልገው።»

ተቀመጥኩ። እንዲህ በክብር ተፈልጌ አላውቅም።

ሌሊቱን የፈተናውን ግልባጭ ወስዳ «ጠብቅ» የሚለውን አንድ በአንድ ስትነቅል ነው ያደረችው። «ሞተሻል በይኛ» አልኳት። «መግቢያ ካርድሽን ደህና ሁን በይው።»

«ብዬዋለሁ» አለች። «አየህ፣ አብዛኛው መጠበቅ የሚያስፈልግ አልነበረም። ክሩ ሥራውን ሲጨርስ 'ጨርሻለሁ' ብሎ እንዲጣራ አደረግሁት። ከተጣራ ምን ያስጠብቃል?»

«እስከዛሬ የማይጣራው ለምን ነበር?»

«ተጣራ ያለው የለማ።»

የቀሩት ግን ሌላ ዓይነት ነበሩ። «ሁለት ሰዓት ውሃ ካልመጣ አስጠንቅቅ» የሚል ክር አለ፤ እሱን ለመፈተን ሁለት ሰዓት የግድ ማለፍ አለበት። ለእነዚህ አማከለች የውሸት ሰዓት ሠርታላቸዋለች። ክሮቹ የግድግዳውን ሰዓት ትተው የእሷን ያያሉ፤ እሱ ደግሞ ሰው «ሂድ» ባለው መጠን ይሄዳል። አዲስ ግኝት አይደለም አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ያስተምሩታል፣ ቢሮ ሲገቡ ያስረሱታል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጊዜው በእርግጥ ማለፉን ጠባቂው በድምፁ ይመስክር ይላል ሕጉ። እኔ ሞከርኩ፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ አልተቀበለኝም።»

«ማንን ነው የምንዋሸው?»

«ሰዓትን።»

«ይከፋዋል?»

«ሰዓት አይከፋውም ጫኔ። እትዬ ሶልያና ናቸው ዓርብን የማያልፉት።»

ማይኩን ወደ አፌ ሳብኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሁለት ሰዓት አልፏል» አልኩ። መሣሪያው ያለ ምንም ማቅማማት ተቀበለ። «መሸ» አልኩ። «መብራት ጠፋ፣ መጣ። ነጋ። ቅዳሜ ሆነ፤ እናቴ ደውላ ለምን አትመጣም ብላ ሰደበችኝ። እሑድ ጎን ያለው ጎረቤት ልጅ ሲድር አላስተኛ አለኝ። ሰኞ ጉንፋን ያዘኝ፤ ፌጦ በላሁ...»

«ዝርዝሩ አያስፈልግም!» አለች አማከለች።

«ዝርዝር የሌለው ውሸት ማን ያምናል?»

ሳምንት የሚፈጀው ፈተና፣ ያቀረበችልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ስክሪኑ ግን ቀይ ሆነ።

አማከለች ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እኔም ተጠጋሁ። የሁለቱ ማሽኖች ክሮች የተባባሉት ተደርድሯል፦

አስራ አራተኛ ፎቅ፦ ሌላ የሚፈልግ አለ? አለ። ይቅደሙ።
ዘጠነኛ ፎቅ፦ ሌላ የሚፈልግ አለ? አለ። ይቅደሙ።
አስራ አራተኛ ፎቅ፦ ይቅደሙ።
ዘጠነኛ ፎቅ፦ ይቅደሙ።

ገጹን ወደታች ብትገፋው አያልቅም።

«ይሄ ሁሌም ነበረ?» አልኳት።

«ሁሌም» አለች። «ድሮ ፈተናው ሰዓታት ይጠብቅና መጨረሻውን ብቻ ነበር የሚያየው። ከዚያ ሁሉ ይቅደሙ በኋላ አንዱ ይሰለችና ውሃውን ይወስዳል፤ ፈተናው መጥቶ ሲያይ ውሃ አለ። አለፈ ይላል። መጠበቁ ነው ስህተቱን የደበቀው።» ገጹን ወደላይ መለሰችና፣ «ትናንት ያስገባሁት ማስተካከያ አይረባም ጫኔ። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ያልፍ ነበር። አልፎ ይጫን ነበር። ማሽኖቹም እንደገና ይከበባበሩ ነበር» አለች።

ሁለታችንም ስለ አስራ አራተኛ ፎቅ ነው ያሰብነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ግን ደስ የሚል ነገር ነው። ድሮ አንድ ሐሳብ ለመሞከር ሳምንት ስለሚፈጅ ማንም ሐሳብ አይሞክርም ነበር። አሁን ትጽፋለች፣ እኔ አመሻለሁ፣ አነጋለሁ፤ ቀይ። ትጽፋለች፣ አመሻለሁ፤ ቀይ። ዕጣ ይጣጣሉ ብላ ሞከረች፤ አረንጓዴ ሆነ። ጨበጥኳት። ደግመን ደጋግመን ስናስሮጠው አንዴ ሁለቱም እኩል ዕጣ አወጡና ተመልሰው መከባበር ጀመሩ። ቀይ።

«ሰው እንዴት ነው የሚገላገለው?» አለች፣ ራሷን ይዛ። «ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ይቅደሙ፣ ኧረ በሞቴ፣ ሲባባሉ መጨረሻቸው ምንድነው?»

«ታላቅየው ይገባል» አልኳት። «ዝናብ እየመታቸው እንኳ ቢሆን መጨረሻው እሱ ነው።»

ቀና አለች። «ቅደም ተከተል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ሁሉም ክር የሚያውቀው፣ የማይለወጥ ቅደም ተከተል። ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ወጥቶብኛልኮ ይሄ! ዕጣ ምን አስጣለኝ?» ጣቶቿ ሮጡ። «በፎቅ ቁጥር እንዳላደርገው ደንቡ ይከለክላል፣ ላይኞቹና ታችኞቹ በውሃ ተደባድበው ያውቃሉ። በባለቤቱ ዕድሜ ግን ማንም አይከራከርም።»

አመሸሁ፣ አነጋሁ። የሕንጻው ማሽን ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ቦታ ብቻ ቀይ ቀረ። አስራ አራተኛና ዘጠነኛ። ዓመታቸው አንድ ነው፤ ጋሼ ናሆም የሕዳር ጽዮን ለት እንደተወለዱ ተጽፏል፤ የእትዬ ሶልያና ቀን ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ባዶውን እኩል ብሎ ወሰደው። እኩል ሲሆኑ ደግሞ ያው ነው፦ ይቅደሙ፣ ይቅደሙ።

«ማንም ይቅደም፣ ማሽኑ ግድ የለውም» አለች አማከለች። «እኩል ብቻ አይሁኑ። ሂድና ጠይቃቸው።»

ወጣሁ። እትዬ ሶልያና ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እሱ ነው ታላቅ» አሉ። «በምን አወቁ?» «ሽበቱን አታይም?» የእሳቸው ጸጉር እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ከዚህ በላይ መናገር አቃታቸው። እጃቸውን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነው።

ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወረድኩ። ጋሼ ናሆም ክራቫታቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉኝ፦ «እናቴ ሁሌ የምታወራው ነገር አለ። እኔን አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። የሕዳር ሚካኤል ለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራፋችን ላይ ነጠላ የሚያክል ጥቅል አየች። ከፈተችው። እትብቷ እንኳ አልደረቀም፤ የዚያኑ ቀን የተወለደች ናት። እኔ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ለጽዮን ነው። ስለዚህ ታላቄ ናት፤ ትቅደም።»

ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ነገርኳት። አማከለች ባዶው ቦታ ላይ ሕዳር ሚካኤል ብላ ሞላች። አመሸሁ፣ አነጋሁ፣ በመጨረሻው ላይ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ መሣሪያው ግን ለምዶኛል። ስክሪኑ ከላይ እስከታች አረንጓዴ ሆነ። ምስክርነቴን ተቀበለ፤ እሽጉ ተነሳ። ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ የእትዬ ሶልያና ማሽን ውሃ ጠየቀ። ዘጠነኛ ፎቅም በዚያችው ቅጽበት ጠየቀ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ዘጠነኛው «ታላቄ ይቅደሙ» አለ። አስራ አራተኛው እሺ አለ።

ውሃው ግድግዳው ውስጥ ባለው ቧንቧ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ድስት ሲንተከተክ ይመስላል። አማከለች ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ ሻዬን ጠጣሁ፤ ቀዝቅዟል።

የፈተናው ሳምንት እንዴት በአንድ ቀን እንዳለቀ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አማከለችን ለመቅጣት መጀመሪያ ያጣራሉ፤ ለማጣራት ደግሞ ያን ቀን ያስሮጥነውን ፈተና ሁሉ፣ እያንዳንዱን በድሮው ሳምንት፣ አስኪደው ያወዳድራሉ። እየጠበቁ ነው። እሷም እየሠራች ነው፤ በሮች አሁን ቡና ሳይፈላ ያልፋሉ።

እትዬ ሶልያና አገግመው ሊፍት ጋ ከጋሼ ናሆም ጋር ሲገናኙ ነበርኩ። ጋሼ ናሆም ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «ታላቅ ይቅደም» አሉ።

«ማን ነው ታላቅ? አንተ ሽማግሌ!» ብለው ጮሁ፤ ግን ቀድመው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሕዳር ሚካኤል አስራ አራተኛ ፎቅ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። እትዬ ሶልያና ለሁላችንም አስቀድመው ይነግሩናል፤ የሰው ሳይሆን የራሳቸው ልደት መሆኑን። የዚያን ቀን ሲስቁ ዓይናቸውን አየዋለሁ።

እንግዲህ ሊፍት ውስጥ ልቅር ብዬ ምያለሁ፤ ሊፍት ውስጥ መቅረት ደግሞ አልወድም። አንድ ነገር ፈልስፌያለሁ። ያን ቀን ዘጠነኛ ፎቅ ስወርድ ጋሼ ናሆም ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ብቀሰቅሳቸው «እኩል ነን» ብለው ያርፉታል። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እናታቸውን ከቤተ ክርስቲያን አስመለስኳቸው፣ ጥቅሉን አስከፈትኳቸው። እትዬ ሶልያናን የሕዳር ሚካኤል ለት የወለድኳቸው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ልደት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እያለ፣ እትዬ ሶልያና ቢላዋውን እንደያዙ ወደ ጋሼ ናሆም ዞሩ። «ናሆም፣ እውነት እናትህ እንዲህ ብላለች?» አሉ። ሳቅ የለም። እኔ ወደ በሩ መጠጋት ጀመርኩ። ጋሼ ናሆም እኔን አዩኝ፣ እሳቸውን አዩ፣ ዳቦውን አዩ። በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ሁሌ ትለው ነበር» አሉ። «ዶፍ ዝናብም ነበረ ትል ነበር።»

በሕዳር፣ ዶፍ ዝናብ! ማንም ግን አልሳቀም፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሕዳር ሚካኤሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ አምኛለሁ። ዝናቡ ግን የኔ አይደለም።